በአማካይ በ24 ሰዓት የሚከፈሉ ሴሎች ለምን በ17 ሰዓት እጥፍ ሆኑብኝ?

የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን አመሻችሁ?

አንድ ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እዚህ ሒሳብ የሚያውቅም፣ በእጁ ሴል ያሳደገም ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባዮሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ቀን ቀን የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ነው የቀን ውሎዬ። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ለብቻዬ ነው፤ ማታ ማታ ቤት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከፒያሳ በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ወጥቼ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ። ፓይተን ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ካንሰር ሴሎች ዕድገት ነው። ሴል የማሳድግበት ቦታ ስላላገኘሁ ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን እንድሠራው ወሰንን። የመረጥኩት ሄላ የሚባሉትን ሴሎች ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ ከሄንሪየታ ላክስ ዕጢ ተወስደው እስከ ዛሬ በየአገሩ ላብራቶሪ የሚራቡት ናቸው። አንዱ ሴል ለመከፈል ወደ 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

ኮዴ ቀላል ነው። በ100 ሴል ይጀምራል። አንዱ እርምጃ አንድ ሰዓት ነው። በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ሴል ዕጣ ይወጣል፤ የመከፈል ዕድሉ ከ24 አንድ ነው። ዕጣው ከደረሰው ሁለት ይሆናል። ካልደረሰው ባለበት ይቀጥላል። ይህን 24 ጊዜ እደግመዋለሁ።

እንግዲህ በአማካይ በ24 ሰዓት አንዴ የሚከፈል ከሆነ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 200 ሴል መጠበቄ ልክ አይደለም? የመጀመሪያው ቀን 271 አወጣ። አጋጣሚ ነው ብዬ ደገምኩት፤ 248። ከዚያ 50 ጊዜ አስኬድኩት። ትንሹ 219፣ ትልቁ 312፣ አማካዩ 266። አንድም ጊዜ ወደ 200 አልወረደም። መስመሩን ሳየው እጥፍ የሚሆነው 17 ሰዓት ላይ ነው።

ኮዱ ላይ ስህተት አለ ብዬ ያልፈተሽኩት መስመር የለም። አዲስ የተወለዱት እዚያው ሰዓት ውስጥ ደግመው ዕጣ እንዳይወጣላቸው ሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። እሱ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ሴል ብቻውን አስቀምጬ እስኪከፈል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት 10,000 ጊዜ ቆጠርኩ። አማካዩ ልክ 24 ሰዓት! ግራ የገባኝ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሴል የታዘዘውን ያደርጋል፤ ሲሰበሰቡ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ምን ያስጨንቅሻል፣ 24ቷን 34 አድርጊያትና ተገላገይ» አለኝ። አደረግኩት። 200 አካባቢ መጣ። ግራፉ አማረ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሴሉ 34 ሰዓት አይፈጅበትማ! ውጤቱ እስኪያምር ቁጥር እየቀያየርኩ ነገ ፈታኞች ፊት ቆሜ ምን ልላቸው ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው የሥራዬ ክፍል ላይ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለውን መድኃኒት ላስገባ አስቤያለሁ። ይሄ መድኃኒት ሁሉንም ሴል እኩል አይመታም። ዲኤንኤውን እየቀዳ ያለውን፣ ማለትም ኤስ ምዕራፍ ላይ ያለውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ መሠረቱ ከተበላሸ የላዩም አብሮ ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ።

እባካችሁ የገባችሁ አስረዱኝ።

---

ኮድ በማታ፦

ሰላም እህት። አይዞሽ፣ ኮድሽ ጤነኛ ነው።

ጓደኛሽም አልተሳሳተም። በየሰዓቱ ከ24 አንዱ ሲከፈል ብዛቱ በየሰዓቱ በ1.0417 ይባዛል። ይህን 24 ጊዜ ስታባዢው 2.66 ነው። የአንቺ 266 ከዚህ የመጣ ነው። ብዛቱ በ24 ሰዓት እጥፍ እንዲሆን ከፈለግሽ የሰዓቱ ዕድል ከ34 አንድ ነው መሆን ያለበት። የምትፈልጊው ጠቅላላ ብዛቱን ብቻ ከሆነ በዚሁ ሂጂ፤ ማንም አይወቅስሽም። «እጥፍ የሚሆኑበት ጊዜ 24 ሰዓት» ብለሽ ጻፊ፣ «የአንድ ሴል ዕድሜ 24 ሰዓት» አትበይ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሌላው ነገር፣ እያንዳንዱን ሴል በሉፕ አትዙሪ። 10 ጊዜ እጥፍ ከሆነ በኋላ አንዱ ሴል 1,024 ነው፤ 30 ጊዜ እጥፍ ከሆነ በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ። ላፕቶፕሽ ይቆማል። ኑምፓይ በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ላይ ባይኖሚያል የሚባለው አለልሽ፤ «ከእነዚህ ስንቶቹ ተከፈሉ» የሚለውን በአንድ ጥሪ ይነግርሻል። ሥራሽንም በየተወሰነ እርምጃው ፋይል ላይ አስቀምጪ። መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳትጀምሪ።

---

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 10,000 ጊዜ አንድ ሴል ለብቻው መቁጠርሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው እዚያ ድረስ አይሄድም። እኔ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ቀመሩን ወንድማችን ነግሮሻል። እኔ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያንቺን ቁጥር እንውሰድ። 24 ሰዓት ሲሞላ ከመጀመሪያዎቹ 100 ሴሎች ስንቶቹ ገና አንዴም አልተከፈሉም? 24 ጊዜ ተከታትሎ ዕጣ የማይደርሰው ማለት ነው። 23ን ለ24 አካፍለሽ ውጤቱን 24 ጊዜ በራሱ አባዢው። 0.36 ይመጣል። 36ቱ ሴሎች ቁጭ ብለዋል ማለት ነው። የተከፈሉት 64 ናቸው። 266 ውስጥ 36ቱን ቀንሺ፤ 230 ይቀራል። እነዚያ 64 ሴሎች 230 ሆነዋል! አንዱ ከሦስት ተኩል በላይ ሆኗል።

አየሽው? ቶሎ የተከፈለው ሴል ልጆቹም ዕጣ ማውጣት ይጀምራሉ፤ የልጅ ልጆቹም እንዲሁ። የዘገየው ሴል ግን 30 ሰዓትም ይዘግይ 90፣ የሚያጎድለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። አማካዩን ስታወጪ ግን 90 ሰዓት የፈጀው በ90 ነው የሚቆጠረው። አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት ዘግይተው የተከፈሉት ናቸው፤ ብዛቱን ወደ ላይ የጎተቱት ግን የቸኮሉት። በሁለት ሚዛን የተለካውን ነገር እኩል ይሁን ብለሽ ነው የተጨነቅሽው።

የባንክ ወለድ ብትይውም ያው ነው። ያዕቆብ በርኑሊ በ1683 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ይህንኑ ጠይቆ ነበር። አንድ ብር በዓመት መቶ በመቶ ወለድ ቢታሰብለት ሁለት ብር ይሆናል። ወለዱ በየወሩ፣ በየቀኑ፣ በየደቂቃው እየተደመረ ራሱ ወለድ ቢወልድስ? ወደ 2.718 ይጠጋል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ያንቺም 100 ሴል እርምጃውን ከሰዓት ወደ ደቂቃ ብታወርጂው ከ266 ወደ 272 ገደማ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልብሽ ያልተቀበለው በምክንያት ነው። ጉዳዩ 24 ወይም 34 አይደለም። ያንቺ ሴል ዕድሜ የለውም። አሁን የተወለደውም፣ 20 ሰዓት የቆየውም እኩል ዕድል ነው ያላቸው። ይህ እንደ ታክሲ ጥበቃ ነው። ሰልፍ በሌለበት መንገድ ዳር ቆመሽ ታክሲ ስትጠብቂ ግማሽ ሰዓት ስለቆምሽ ታክሲው አይቀርብሽም። ሴል ግን እንጀራ ነው። ምጣድ ላይ አሁን የፈሰሰ ሊጥ አሁኑኑ አይነሳም። ዓይን ማውጣት አለበት፣ መከደን አለበት፣ መብሰል አለበት። ሴሉም ማደግ፣ ዲኤንኤውን መቅዳት፣ የቀዳውን መፈተሽ አለበት። ከተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚከፈል ሄላ የለም። በኮድሽ ውስጥ ግን ሞልቷል።

ስለዚህ የማይታለፍ ጊዜ ስጪው። ስሚዝ እና ማርቲን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ያቀረቡት ሐሳብ አለ። የሴሉ ዕድሜ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ መዘለል የማይችል የተወሰነ ጊዜ፣ ሌላው እንዳንቺ ዕጣ የሆነ ጥበቃ። ለምሳሌ 16 ሰዓት የማይታለፍ፣ 8 ሰዓት በአማካይ ጥበቃ። ድምሩ ያው 24 ነው። በወረቀት ሠርቼዋለሁ፤ እጥፍ የሚሆኑት በ23.2 ሰዓት ገደማ ነው። ወደ 24 ምን ያህል እንደቀረበ ተመልከቺ።

ሌላም መንገድ አለ፤ 24ቱን ሰዓት በተከታታይ ደረጃዎች መከፋፈል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ዕጣ ይኖረዋል። ደረጃው አንድ ብቻ ሲሆን እጥፍ በ16.6 ሰዓት ነው (ያንቺ 17 የሆነው እርምጃሽ ሰዓት ስለሆነ ነው)፤ አራት ሲሆን 22፤ አሥር ሲሆን 23.2። ዕጣው እየቀነሰ ሥርዓቱ በጨመረ ቁጥር ወደ 24 ይጠጋል። አንቺ ግን መድኃኒት ስለምታስገቢ የመጀመሪያው ይሻልሻል።

ኮዱን ስትጽፊ በየሰዓቱ ዕጣ ማውጣቱን ተዪው። ሴሉ ሲወለድ የመከፈያ ሰዓቱን አንዴ ወስኚለትና ያንን ሰዓት ይጠብቅ።

---

ፍላስክ ጠባቂዋ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። የእንጀራዋን ነገር ለተማሪዎቼ እወስዳታለሁ።

እህቴ፣ እኔ ሴል በእጄ ያሳደግኩ ነኝ። ለሥልጠና ውጭ ሄጄ ሁለት ዓመት ከኢንኩቤተር ጋር ነው የኖርኩት። 37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሌሊት ተነስቼ ሚዲያ፣ ማለትም ሴሎቹ የሚመገቡትን ፈሳሽ፣ የቀየርኩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከፍላስኩ፣ ሴሎቹ ከሚያድጉበት ዕቃ፣ ወገን ሆኜ ላስጠንቅቅሽ።

መምህር ያሉሽን ስታደርጊ አንድ ወጥመድ አለ። 100ዎቹንም ሴሎች «አሁን ተወለዱ» ብለሽ ከጀመርሽ 16 ሰዓት ሙሉ አንድም አይከፈልም። መስመርሽ ወለል ላይ ይተኛል። ከዚያ በድንገት ይነሳል። ይህን ስታዪ «ላግ ምዕራፍ (ሴሎች መብዛት ከመጀመራቸው በፊት የሚዘገዩበት ጊዜ) አገኘሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ! እለምንሻለሁ። ይህን የጻፈ ወረቀት አጋጥሞኝ በጣም አዝኛለሁ። እውነተኛው ላግ ሌላ ነው። ሴሎቹን ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ከፍላስኩ ስናላቅቃቸው ይጎዳሉ። አዲሱ ፍላስክ ላይ መጣበቅ አለባቸው፣ ሚዲያውን መልመድ አለባቸው። የሚዘገዩት ለዚያ ነው። ያንቺ ግን ሁሉም እኩያ ስለሆኑ ብቻ የመጣ ነው።

እውነተኛ ፍላስክ ውስጥ ሁሉም ዕድሜ አለ። ግን እኩል አይደለም። ብዛቱ እያደገ ስለሆነ ሁልጊዜ ሕፃናቱ ይበዛሉ። ሁሉም ልክ በ24 ሰዓት ቢከፈሉ አዲስ የተወለዱት ሊከፈሉ ከተቃረቡት እጥፍ ናቸው። እንደኛ አገር ሕዝብ አስቢው፤ ልጅና ወጣቱ ነው የሚበዛው።

ይህ ለመድኃኒትሽ ትልቅ ነገር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለ ሴል ጂ1 (ማደጊያው) 11 ሰዓት፣ ኤስ (ዲኤንኤ መቅጃው) 8፣ ጂ2 (መፈተሻው) 4፣ ኤም (መከፈያው) 1 ገደማ ይላሉ። ሰው ሁሉ 8ን ለ24 አካፍሎ «ከመቶው 33ቱ ኤስ ላይ ናቸው» ይላል። አይደሉም። ሕፃናቱ ስለሚበዙ ጂ1 ላይ 54 ገደማ ናቸው፤ ኤስ ላይ 30 ብቻ። ሃይድሮክሲዩሪያው በገባባት ቅጽበት የሚያገኘው እነሱን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀመር አያስፈልግሽም። ሲሙሌሽኑን ለብቻው ሰባት ስምንት ቀን አስኪጂው። ዕድሜያቸው ይደበላለቃል። ከዚያ ውስጥ 100 ሴል በዘፈቀደ አውጪና ሥራሽን ከእነሱ ጀምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ለፈታኞችሽ። ሴል የምንቆጥረው በማይክሮስኮፕ፣ በሄሞሳይቶሜትር (ሴል በሚቆጠርበት ባለ መስመር መስታወት) ነው፤ አንቺም ለነጭ ደም ሴል ታውቂዋለሽ። 100 ሴል ከቆጠርሽ በአጋጣሚ ብቻ 10 ወዲህ ወዲያ ማለትሽ አይቀርም። ስለዚህ 200 እና 205 በፍላስክ አይለዩም። 200 እና 266 ግን ይለያሉ። የመጀመሪያው ኮድሽ ስህተት ሐቀኛ የሆነ ቆጣሪ የሚይዘው ስህተት ነበር።

---

የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ፦

መምህር፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ? ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ካፌ ነው። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።

መምህር፣ እርስዎ እንዳሉኝ እያንዳንዱ ሴል ሲወለድ የመከፈያ ሰዓቱን ሰጠሁት። 16 የማይታለፍ፣ 8 በአማካይ ጥበቃ። መጀመሪያ ሆን ብዬ ሁሉንም አራስ አድርጌ ጀመርኩ። የፍላስክ ጠባቂዋ እህቴ ያልሽው ሆነ። እስከ 16 ሰዓት ዝም። ከዚያ ሽቅብ። 24ኛው ሰዓት ላይ 163። አይ፣ ያን መስመር ብቻውን ባየው ኖሮ ላግ ነው ብዬ እጽፈው ነበር። ስላስጠነቀቅሽኝ አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ስምንት ቀን አስኬድኩና 100 መርጬ ጀመርኩ። ያው 50 ጊዜ። አማካዩ 205። ትንሹ 188፣ ትልቁ 223። ከአማካዩ በላይ ደስ ያለኝ መጥበቡ ነው። የበፊቱ ከ219 እስከ 312 ይዋልል ነበር። መምህር፣ ይሄም ዕጣው ስለቀነሰ ነው አይደል?

ኤስ ላይ ያሉትንም ቆጠርኳቸው። ጥበቃውን ጂ1 ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ 3 ሰዓት የማይታለፍ፣ ከዚያ 8ቱ ጥበቃ። ከ100 ሴል ኤስ ላይ 31 አገኘሁ። አንቺ 30 ነበር ያልሽው። ልዩነቱ ከጥበቃው የመጣ መሰለኝ፤ እስቲ እዩልኝ።

ለአማካሪዬ ሦስቱንም መስመር በአንድ ገጽ ላይ አድርጌ ልልክላቸው ነው። 266ን አልደብቀውም። እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን እንደቀየርኩ እጽፈዋለሁ።

---

ጡረተኛው መምህር፦

አዎ ልጄ፣ መጥበቡ ለዚያ ነው። 31ም ልክ ነው፤ በወረቀት ስሠራው 31.4 መጣልኝ። ጥበቃ ሲኖር እጥፍ የሚሆኑት ከ24 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ስለሆነ ነው። ባለ ሦስት መስመሯን ገጽ በጣም ወድጃታለሁ፤ እንዳትቀንሻት።

---

ፍላስክ ጠባቂዋ፦

እሰይ! አሁን መድኃኒቱን አስገቢ። ግን ሴሎቹን እዚያው ገድለሽ አትጀምሪ። ሃይድሮክሲዩሪያ መጀመሪያ ቅጂውን ያስቆማል፤ ኤስ ደጃፍ የደረሱት ከጂ1 እየመጡ እዚያ ይጠራቀማሉ። ጂ2 እና ኤም ላይ የነበሩት ደግሞ ምንም ሳይነኩ ተከፍለው ይወጣሉ። ስለዚህ ብዛቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዓታት መጨመሩን ይቀጥላል፤ አትደንግጪ። የ24 ሰዓቱን ግራፍ ስታወጪ እዚሁ ለጥፊልን፤ ኤስ ላይ ያሉትን በየሰዓቱ ቆጥረሽ።